ሲዲ ድራይቩን ያወጣሁበት ሳምንት

ሰኞ

ዘጠኝ ብሎን ፈታሁ፤ ስኒው ውስጥ ያለው ስምንት ነው። ሦስቴ ቆጠርኩ። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ምንጣፉን በመዳፌ ዳበስኩ፤ የለችም። የምስር ፍሬ የማታክል ብሎን ናት፤ በቃ ሰው ልታሳብድ ነው የተፈጠረችው።

ላፕቶፑ ሆዱ ወደ ላይ ሆኖ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ተኝቷል። ሲዲ ድራይቩን መዝዤ ሳህን ላይ አስቀምጬዋለሁ። የነበረበት ቦታ እንደወለቀ ጥርስ ክፍት ነው። እዚያ ነው አዲሱ ዲስክ የሚገባው። ኤስኤስዲ ይሉታል፤ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ስለዚህ ይፈጥናል። ሐሳቡን የሰጠኝ አብሮኝ ፓርኪንግ የሚሠራው ፊሊፒኖው ሮሚ ነው። «ሲዲ ዛሬ ማን ይጠቀማል? አውጪው። አዲሱን እሱ ቦታ ክተቺ፣ አሮጌው ዲስክም እዚያው ይቆይ፤ ሁለት ይኖርሻል» አለኝ። በወረቀት ላይ ሥዕል ሣለልኝ። ብሎኑ ስንት እንደሆነ ግን አልጻፈም።

ልዘጋው ፈራሁ። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ የገባሁት በጋሽ ኢድሪስ ምክንያት ነው። እዚሁ ኦክላንድ፣ ከእኔ በታች፣ አንደኛ ፎቅ ይኖራሉ። ኤርትራዊ ናቸው፤ አሰብ መስመር ላይ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው። ለልጆቻቸው ታሪካቸውን ሊተዉ ፈልገው እሁድ እሁድ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ሦስት ዓመት ሆነን። እኔ ትግርኛ አልጽፍም፣ የእሳቸው እንግሊዝኛ ለሐኪምና ለፋርማሲ ብቻ ነው፤ የሚያገናኘን አማርኛ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ ታይፒስት ነበርኩ፤ ሰው ከአፉ ሳያወጣው እደርስበታለሁ።

አሁን ግን ነገር እየጠፋባቸው ነው። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ለልጃቸው ለራህማ ነግሯታል። ትናንት «ገኒ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ቶሎ ክፈቺው» አሉኝ። ከፈትኩ። ይህ ላፕቶፕ ደግሞ እስኪነሳ ሰው ሻይ አፍልቶ ጠጥቶ ስኒውን ያጥባል። ሲከፈት «እሺ ጋሼ፣ ይንገሩኝ» አልኩ። አዩኝ። «ምኑን?» አሉ። በጣም ተናደድኩ፤ በእሳቸው ሳይሆን በዚህ ቆርቆሮ። በእሱ ምክንያት የሰው ሐሳብ እየጠፋ።

የምፈራው ግን ለላፕቶፑ አይደለም። ውስጡ የሳልህ ነገር አለ።

ሳልህ የጋሽ ኢድሪስ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱም ሾፌር ነበር። መኪናው መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ። ጋሽ ኢድሪስ በገዛ እጃቸው እዚያው ቀበሩት። ለእናታቸው ግን «ሳልህ ጅዳ ሄደ» አሏቸው። እናትየው ጅዳ ያለ ልጃቸውን ሲጠብቁ ሞቱ። ለሚስትም፣ ለልጆችም፣ ለማንም ሳይነግሩ አርባ ዓመት ያዙት። ከአራት ወር በፊት ለእኔ ነገሩኝ፤ መቃብሩ የት እንደሆነ ምልክቱን ሁሉ እየለቀሙ። «ጻፊው። እኔ ስሞት ልጆቼ ያነቡታል። ደግሜ አላወራውም» አሉ። አልደገሙትምም።

እኔስ? እኔ ስተይብ ነገሩ ከጆሮዬ ወደ ጣቴ ነው የሚያልፈው፤ ጭንቅላቴ ውስጥ አያድርም። ታይፒስት ሁሉ እንዲህ ነው። ደብዳቤ ጽፈሽ ስትጨርሺ ስለ ምን ነበር ቢሉሽ አታውቂውም።

እሺ። በስምንት ብሎን እዘጋዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ተነሳ። ቁልፉን ተጭኜ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጥ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ዘግቼ ደግሜ ከፈትኩት። ሦስተኛም ከፈትኩት፤ እንዲያው ለደስታ።

እንዳልረሳው የሠራሁትን ልጻፍ፦

ዶኩመንት የሚለውን ፎልደር በሙሉ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ።
ሮሚ በሰጠኝ ሌላ ፍላሽ አዲሱን ሲስተም ኤስኤስዲው ላይ ጫንኩ።
አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አደረግኩ። ሮሚ «ሁለት ሲስተም ካለ ይጋጫል፣ አጥፊው» ብሎኛል። ኮምፒውተሩ ፈጣኑን ማጥፋት ነው ሙሉውን ብሎ ጠየቀኝ። ሙሉውን መረጥኩ። ግማሽ ሥራ አልወድም። ሦስት ሰዓት ፈጀበት፤ እኔም ልብስ አጠብኩ።

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ብሎን መፍቻ ይዤ ኮምፒውተር ከፍቼ ዘጋሁ። ለማን ልንገር? እህቴ ብትሰማ «ኤሌክትሪክ ይዞሽ ቢሆንስ?» ነው የምትለኝ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት፣ ሥራ ቦታ

ጉድ ሆንኩ።

ለሮሚ ላሳየው ብዬ ላፕቶፑን ይዤ መጣሁ። የጋሽ ኢድሪስን ፋይል ከፈትኩ። አማርኛ የለም። የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ግማሹ ላዩ ላይ ኮፍያ የደፋ፣ ግማሹ ጭራ ያለው፣ መሐሉ ጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ሣጥን፣ የዶላር ምልክት። ገጽ ሁለት እንዲሁ። ገጽ አርባም እንዲሁ።

ምን እንደሠራሁ ወዲያው ነው የገባኝ።

የምተይብበት የአማርኛ ፕሮግራም የድሮ ነው። ፊደሎቹን የሚያስቀምጠው በራሱ መንገድ ነው፤ እሱ ከሌለ የትኛው «ሀ» እንደሆነ ማንም ኮምፒውተር አያውቅም። አዲሱ ዓይነት አማርኛ አለ፣ በስልክም የሚነበበው። «ቀይሪ ገነት» ያላለኝ ሰው የለም። እኔ ግን የድሮውን ሙጥኝ አልኩ፤ ምክንያቱም የቁልፉ አቀማመጥ እንደ ታይፕ መኪናው ነው፣ ጣቴ ሌላ አያውቅም። ያ ፕሮግራም አሮጌው ዲስክ ላይ ነበር። አሮጌውን ዲስክ አጠብኩት። ሙሉውን።

ፕሮግራሙ በሲዲ አለኝ። ሲዲ ድራይቩ ደግሞ ቤት ሳህን ላይ ተቀምጧል፤ በገዛ እጄ ያወጣሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ።

መኪና መጣ። አንዱ ትኬቱን ጥሎ ከእኔ ጋር ይከራከራል። ይክሰሰኝ። ዛሬ አላየውም።

ረቡዕ

ሮሚ ከውጭ በገመድ የሚሰካ ሲዲ ድራይቭ ከቤቱ አመጣልኝ። ሲዲውን ያገኘሁት ሻንጣ ውስጥ፣ የቀበሌ መታወቂያዬና የፈተና ውጤቴ መሐል ነው። በፎጣ ጠርጌ ከተትኩት። አነበበው። ልቤ ዘለለ። ከዚያ አንድ ትንሽ ሣጥን መጣና ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር አይሠራም አለ። እሺ በል ብቻ ነው የሚለው፤ እምቢ የሚባልበት ቁልፍ እንኳ የለውም።

«ፕሮግራሙ በጣም የድሮ ነው፣ አዲሱ ሲስተም አይቀበለውም» አለ ሮሚ። ቀጥሎ «አሮጌውን ሙሉ ለሙሉ ከማጥፋትሽ በፊት ኮፒ አላደረግሽም?» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማነው «አጥፊው» ያለኝ? አልተናገርኩትም። ደግ ሰው ነው፣ ሲዲ ድራይቩን ከልጁ ነው ነጥቆ ያመጣልኝ።

ከዚህ በላይ ግን ራህማ ደወለች። ሳን ሆዜ ነው የምትኖረው፤ ነርስ ናት። የምንለውን ሁሉ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። አባቷን እሁድ ወደ እሷ ቤት ልትወስዳቸው ነው። ብቻቸውን መኖር አይችሉም ተብሏል። ምድጃ አብርተው ረስተው ወጥተዋል።

ከዚያ ስለ ጽሑፉ ጠየቀችኝ። እሁድ እንድሰጣት ትፈልጋለች፤ ለወንድሞቿም ታደርሳለች። «ኢትስ ሴፍ፣ ራይት?» አለችኝ። ምን ማለት እችል ነበር? ብዙ ማለት እችል ነበር። «አዎ የኔ ቆንጆ፣ ምን ይሆናል ብለሽ» አልኳት። አፌን ቁርጥ ያድርገው። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔን አምና ስትኖር፣ በአንድ ትንፋሽ ዋሸኋት።

ምሳ አልበላሁም። ጾም ነው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ፤ ጾሙ እንኳ ሽሮ አይከለክልም።

ሐሙስ

ሥራ ከመግባቴ በፊት ወደ ታች ወረድኩ። ጋሽ ኢድሪስ ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ተቀምጠዋል። ራህማ ያሸገቻቸው ካርቶኖች ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። «የማን ዕቃ ነው ይኼ?» አሉኝ። የእርስዎ ነው፣ እሁድ ሳን ሆዜ ይሄዳሉ አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እንዳልሰሙኝ ገባኝ።

ያሰብኩት እንዲህ ነበር፦ ፋይሉ ባይከፈት እንኳ የሳልህን ነገር ደግመው ይነግሩኛል፣ እኔም በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ደግሜ አላወራውም ብለዋል፤ ቢሆንም እለምናቸዋለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ደብተሬን ይዤ ነው የወረድኩት።

«ጋሼ፣ ስለ ሳልህ የነገሩኝን አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅዎት።»

«ሳልህ?» ደስ አላቸው፤ ፊታቸው ሁሉ በራ። «ሳልህማ ጅዳ ነው። ደህና ነው። ደብዳቤ ልኳል።»

ደብተሩን ዘጋሁት።

ደግሜ ጠየቅኩ። ያው፣ ጅዳ። ሊደብቁኝ ነው እንዳልል ዓይናቸውን አየሁት፤ ውሸት የሚናገር ሰው ዓይን አይደለም። ለእናታቸው የፈጠሩት ነገር እውነቱን በልቶት እሱ ብቻ ቀርቷል። ፈራሁ። እናቴ ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

አሁን እውነቱ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ኮፍያ የደፉ የፈረንጅ ፊደሎች ናቸው። እመቤቴ፣ አንቺው ታውቂያለሽ።

ስወጣ «ገኒ፣ ስኳር ውሰጂ» ብለው አንድ ፓኬት ስኳር ሰጡኝ። ይዤው ሥራ ገባሁ። ለምን እንደተቀበልኳቸው አላውቅም።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ስልክ። ይህን የድሮ ፕሮግራም በድሮ ኮምፒውተር ላይ ያስቀረ ሰው ፍለጋ።

የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ፦ ባለፈው ዓመት ነው የጣሉት። ከነኮምፒውተሩ። «ቦታ አጣበበ» አለኝ።
የአውሮፕላን ትኬት ቢሮው ሰውዬ፦ እኔ አማርኛ በእጄ ነው የምጽፈው አለ።
ኮንኮርድ ያለችው፣ ድሮ የማኅበር መጽሔት ታዘጋጅ የነበረችው ሴትዮ፦ አላት። ተሰብሯል። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጉልበቷ አወራችልኝ።
ሳን ፓብሎ አንድ ስልክ፦ የተሳሳተ ቁጥር። ሰውዬው ግን አበሻ ሆኖ ተገኘ፤ እግዜር ይርዳሽ አለኝ።

የኮንኮርዷ ሴትዮ ስለ ጉልበቷ ስትጨርስ «የሠርግ ካርድ ያትም የነበረ ግርማ የሚባል ሰው ሳን ሆዜ አለ፤ ዕቃ አይጥልም፣ ሚስቱ በዚህ ነው የምታማርረው» አለችኝ። ቁጥሩን ሰጠችኝ። እንኳን ጉልበቷን ሰማሁላት።

አቶ ግርማ ስልኩን ያነሱት በስድስተኛው ሙከራዬ ነው። «ምን ዓይነት ፋይል?» ነገርኳቸው። «በማን ፎንት?» ነገርኳቸው። ከዚያ «ነገ ጠዋት አራት ሰዓት። ጋራዥ ውስጥ ነው፣ እስኪነሳ እጸልያለሁ። ብትዘገዪ እወጣለሁ» አሉና ዘጉት።

ተኝቼ ብነሳ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ

ከሰዓት ነው። ሳን ሆዜ፣ የአቶ ግርማ ቤት ፊት ለፊት፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። መንዳት አልቻልኩም።

ጠዋት ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረስኩ። 880 አውራ ጎዳና ላይ ፍላሹን በጡት መያዣዬ ውስጥ ይዤ ነው የነዳሁት፤ ቦርሳ ቢሰረቅስ ብዬ። አቶ ግርማ ራሰ በራ፣ ቀጭን፣ ፈገግታ የማያውቁ ሰው ናቸው። ጋራዡ ውስጥ መኪና አይገባም፤ በካርድ፣ በማተሚያ፣ በካርቶን ሞልቷል። ኮምፒውተሩ በአልጋ ልብስ ተሸፍኗል። ገለጡት። አቧራውን በፀጉር ማድረቂያ ነፉት። ሁለቴ በራና ጠፋ። እኔ በልቤ ውዳሴ ማርያም ጀምሬ መሐሉ ጠፋኝ። በሦስተኛው ተነሳ።

ፍላሹን ሰኩ። የመጀመሪያውን ፋይል ከፈቱ።

አማርኛ። «እኔ ኢድሪስ የተወለድኩት» ይላል። እዚያው የቆምኩበት አለቀስኩ። አቶ ግርማ ዞር ብለው ካርቶን ያስተካክሉ ጀመር። ሁለተኛውም ተከፈተ፣ ሦስተኛውም። ልጅነታቸው፣ የመጀመሪያ መኪናቸው፣ ጋብቻቸው፣ ሱዳን፣ ኦክላንድ። ዘጠና ስድስት ገጽ። «ወደ አዲሱ ፊደል ልቀይርልሽ፣ ሁለተኛ እንዳትለፊ» አሉኝ፤ ቀየሩትም። ማመስገን ስጀምር «እሺ እሺ» አሉ።

«አራተኛውን ይክፈቱልኝ» አልኩ።

«የለም። ሦስት ነው ያለው።»

«አራት ነው።»

«ሦስት ነው እቴ፣ ነይ እይ።»

አየሁ። ሦስት ነው።

ሦስተኛው ፋይል በጣም ሲረዝም ፕሮግራሙ ይደነብርብኝ ጀመር። ስለዚህ ከአራት ወር በፊት አዲስ ፋይል ጀመርኩ። ሲከፈት ወዲያው እንዳገኘው፣ ጋሽ ኢድሪስ እንዳይጠብቁ ብዬ፣ ዶኩመንት ውስጥ አልከተትኩትም። ዴስክቶፑ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ዓይኔ ሥር አስቀመጥኩት። ወደ ፍላሽ የገለበጥኩት ግን ዶኩመንቱን ብቻ ነው። ለራሴ «በሙሉ» ብዬ ጻፍኩት። በሙሉ።

አቶ ግርማን ጠየቅኳቸው፤ የታጠበ ዲስክ መልሶ የሚያወጣ ሰው አለ ይባላል። «ፈጣኑን ነው ያደረግሽው ሙሉውን?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «በፈጣኑ ቢሆን ይገኝ ነበር። ሙሉውን ካደረግሽ የለም» አሉ። የግማሽ ሥራ ሰው ብሆን ኖሮ።

ወረቀቱን አትመው በክር አሰሩልኝ። በር ላይ «የጠፋው ምንድነው?» አሉ። የአንድ ሰው መቃብር የት እንዳለ አልኳቸው። እጄን ጨበጡኝ፣ ለረጅም ጊዜ።

አሁን የማስታውሰውን ልጽፍ ሞከርኩ። ኤሊዳር የሚል አለ። ዶቢ የሚል አለ። ቁልቁለት ነው ወይ ዳገት። ኩርባ። ድንጋይ፤ ጥቁር ይሁን ነጭ እንጃ። ቀኝ ይሁን ግራ እንጃ። ይኼው ነው። ጣቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እንደምተይብ አንቀሳቀስኩት፤ ምናልባት ጣቴ ያስታውስ ይሆናል ብዬ። ጣትም ይረሳል።

ራህማ ቤት ከዚህ አሥር ደቂቃ ነው። ሄጄ ልንገራት? ብነግራት፣ ምን ጠፋ ስትለኝ ምን እላለሁ? ምስጢሩ የእኔ አይደለም። እሳቸው ሲሞቱ ነው የተባለው። ዝም ብል ሳልህ ለዘላለም ጅዳ ቀረ። ብናገር የሽማግሌውን አደራ በላሁ። ሁለቱም በደል ነው። የቱ እንደሚያንስ የሚነግረኝ ባገኝ።

እሁድ

እጄ ደክሟል ግን ዛሬውኑ መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ወረድኩ። ራህማ ካርቶን ወደ መኪናዋ እያመላለሰች ነው። የታተመውን ሰጠኋት፤ አቀፈችኝ። «ራህማ፣ አንድ ክፍል ጎድሏል። በእኔ ጥፋት ነው። ረቡዕ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። አየችኝ፣ ወረቀቱን አየችው። «ሃው መች?» አለች። ትንሽ ነው፣ ግን ትልቅ ነው፤ ከአባትሽ ጋር ብቻዬን ትንሽ ልቀመጥ አልኳት። ደስ አላላትም። ካርቶኑን አንስታ ወጣች።

ጋሽ ኢድሪስ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ከመውረዴ በፊት አስቤበታለሁ። ብጠይቃቸው ጅዳ ነው የሚሉኝ። ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ተቆጥተው ያየሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገድ ስሳሳት። አንዴ ሚሌን ከሎጊያ በኋላ ብዬ ብተይብ ግማሽ ቀን አኮረፉኝ። ስለዚህ አልጠየቅኳቸውም። እኔው ማውራት ጀመርኩ፤ እያወቅኩ አሳስቼ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሁለታችሁም ባዶ መኪና ይዛችሁ ከአሰብ ስትመለሱ...»

«ማነው ከአሰብ ባዶ የሚመለስ?» አሉ። «ባዶ የሚኬደው ወደ አሰብ ነው። ሲመለሱ ጭነት ነው። ስሚንቶ ነበር።»

«እሺ፣ ስሚንቶ። ከዶቢ ወደ ኤሊዳር ስትወርዱ...»

«ይወጣል እንጂ ይወረዳል? ከኤሊዳር ነው ወደ ዶቢ የሚወረደው። አንቺ ልጅ መንገዱን ሄደሽበት ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ጋሼ፣ ተሳሳትኩ አልኩ። እጃቸው ተነሳ። መሪ ያዙ። እውነቴን ነው፣ መሪ ያዙ፤ ሁለት እጃቸው አየር ላይ ሰፍቶ፣ ቀኝ እግራቸው ምንጣፉን እየረገጠ። «እሱ ፊት ነበር፣ እኔ ኋላ» አሉ። «ጭነቱ ገፋው። ፍሬኑ ሲቃጠል ሸተተኝ። ጥሩንባ አሰማሁት፣ ምን ይጠቅመዋል። ሁለተኛውን ኩርባ አለፈ፣ ሦስተኛውን አላለፈም።»

እጽፋለሁ። በእስክሪብቶ፣ ጉልበቴ ላይ። በሕይወቴ እንዲህ በዝግታ ጽፌ አላውቅም፤ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት።

«በስተቀኝ ቀበሩት» አልኩ።

«በስተግራ። ቀኙ ገደል ነው። ከመንገዱ ሃያ እርምጃ። አገሩ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ማን ይለየዋል? ስለዚህ ከታች ከሜዳው ነጭ ድንጋይ ተሸክሜ ወጣሁ። ሰባት ጊዜ። ፊቱን ወደ ቂብላ አዞርኩት፤ ፀሐይዋን አይቼ ነው።» ከዚያ «አራተኛው ኩርባ ነው» አሉ። ሦስተኛ ብለውኛል አልኳቸው። «አራተኛ ነው» አሉ። ደግሞ መለስ ብለው «ሦስተኛ» አሉ። ሁለቱንም ጽፌዋለሁ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ቀና ስል ራህማ በሩ ላይ ቆማለች። ካርቶን ታቅፋለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እንጃ፤ ፊቷን ሳይ ግን ጥሩንባውን ሳይናገሩ በፊት ነው። ካርቶኑን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አባ» አለች። «አንክል ሳልህ? ዩ ሴድ ጅዳ።»

እጃቸውን ከመሪው አወረዱ። ዞረው አዩዋት። ፊታቸው ላይ የመጣውን ፍርሃት መጻፍ አልችልም፤ ጥፋት ሠርቶ የተያዘ ሰው ፍርሃት ነው። በሩን አዩት፣ ከኋላዋ ሰው እንዳለ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አያትሽ እንዳትሰማ» አሉ። «አደራ። አትንገሪያት።»

አያቷ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ራህማ አየችኝ። እኔ ደብተሬን አየሁ። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

«እሺ አባ» አለች። «አልነግራትም።»